የራህማ ጠረጴዛ

ለንስሐ አባቴ የምደብቃቸው ነገር ብዙም የለኝም። በዐቢይ ጾም አንድ ማለዳ ወተት ያለበት ሻይ መጠጣቴን ነግሬያቸዋለሁ። አማቴን በልቤ መርገሜንም፣ የጎረቤት ዶሮ ግቢዬ ገብታ ስትጭር ማማሰያ መወርወሬንም ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን በሌሎቹ ሥር እየሸጎጥኩ፣ “ሌላስ ልጄ?” ሲሉኝ “ሌላ የለም አባቴ” እያልኩ ሃያ ዓመት አሳልፌያታለሁ። እስከ ዘንድሮ ፋሲካ ድረስ ለባሌም፣ ለእናቴም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

ሰብለ እባላለሁ። ድሬ ዳዋ ድግስ ላይ ተጠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ምናልባት እጄን ታውቁት ይሆናል፤ ሰርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ምርቃት ቢሆን፣ ጠረጴዛ ማሰናዳት ሥራዬ ነው። “ሰብለ ጠረጴዛ” ይሉኛል። ስሙን እወደዋለሁ፤ የመጣበትን መንገድ ግን አልወደውም። ያን ስም ያወጣልኝ ጠረጴዛ የእኔ አልነበረማ! የራህማ ነበር።

ራህማ በከዚራ ሰፈር ባደግንበት ግቢ አጥር የምትጋራን ጎረቤቴ ናት። አባቴ የባቡር መካኒክ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ከመልካ ጀብዱ ፍራፍሬ እያመጡ በራፋቸው ላይ ይሸጡ ነበር። እናቷን አዴ ዘይነባን እኔም እንደ ልጃቸው “አዴ” እያልኩ ነው ያደግኩት። በሁለቱ ግቢ መካከል ካለው አጥር አንድ ቆርቆሮ ተነቅሎ ነበር፤ መልሶ የመታው ሰው አልነበረም፤ በዚያ ቀዳዳ እንመላለስ ነበር። ለዒድ እኛ ወደ እነሱ፣ ለፋሲካ እነሱ ወደ እኛ። እናቴ የፋሲካ ዕለት ሁለት ድስት ትጥድ ነበር። አንዱ የኛ፣ አንዱ የራህማ አባት በእጃቸው ያረዱት፣ ለእነሱ የሚሆን ዶሮ። የሁለቱ ጭልፋ እንዳይደባለቅ እኔና ራህማ እንደ ዘብ ቆመን እንጠብቅ ነበር፤ አንዷ ከተሳሳተች ሌላዋ “ሐራም!” ብላ ትጮኻለች፤ ከዚያ ሳቅ ነው።

ራህማ እጇ የነካው ነገር ሁሉ ያምራል። የአባቷን ብርቱካንና ፓፓያ ስትደረድር ሰው የሚቆመው ሊገዛ ሳይሆን ሊያይ ነበር። እኔስ? እኔ ዳንቴል አንጥፌ በላዩ ሳህን ካስቀመጥኩ ዓለም የሞላልኝ ነበርኩ።

ጠረጴዛው የተሰናዳበት ፋሲካ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት፣ ሁለታችንም ሃያ ሁለት ዓመታችን ነበር። ትምህርት ጨርሰን ሁለታችንም ሥራ ፈት ነበርን። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም እንደገደፍን፣ “ሰብልዬ፣ በጠዋት ተነሽና ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ አሰናጂ። ለምሳ እትዬ ሙሉነሽ ይመጣሉ” አለችኝ። እትዬ ሙሉነሽ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ በዚያ ሰሞን ሳቢያን ሰፈር የድግስ አዳራሽ ሊከፍቱ ሽር ጉድ እያሉ ነበር።

በጠዋት ራህማ በቀዳዳው ሾልካ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። “ነያ ሰብለ! ተነሽ እንጂ፣ ፀሐይ ወጣ እኮ!”

“ትንሽ ልተኛ” አልኳት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊቱን ሲያስቀድስ አድሮ እንደ ሬሳ ተኝቷል።

ስነቃ ረፋድ ሆኗል። ወጥቼ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያ ሳምንት የበልግ ዝናብ ጥሎ ድሬ እንደ ሙሽራ ታጥባ ነበር። ራህማ ከማድ ቤት ጀርባ ተጥሎ የነበረውን አሮጌ የእንጨት በር አውጥታ፣ አጥባ፣ ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር በሁለት በርሜል ላይ አጋድማዋለች። ጨርቅ የለም። በጨርቅ ፋንታ ገና ጤዛው ያልደረቀ ሰፋፊ የሙዝ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር አንጥፋበታለች። ሌላው አገር “የድሬዳዋ ዛፍ” የሚለው የኛ ቀይ አበባ በዚያ ሰሞን ፈንድቶ ነበርና፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮዎችን በአመድ ፈትጋ አብረቅርቃ፣ አበባውን በነሱ ሰክታለች። ለድፎ ዳቦው መሀል ላይ ቦታ ትታ፣ ዙሪያውን ጥሬ ማንጎና ከነቅጠሉ የተቆረጠ ሎሚ ደርድራለች። ለሁለት የተሰነጠቀው ፓፓያ ጥቁር ፍሬው እንደ ዶቃ ያበራል። በየሳህኑ አጠገብ በነጭ ክር የታሰረች አንዲት እፍኝ ቀጤማ። መሬቱን ውሃ ረጭታው ቅዝቃዜው ከታች ወደ እግር ይወጣል። ያ የባቡር ቤት ግቢ፣ ያ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ገነት መስሎ ነበር።

ራህማ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። እናቴ ዓይኗን እያሸች ከኋላዬ ወጣች፤ አፏን በእጇ ያዘች።

“ሰብልዬ! ይሄን ሁሉ አንቺ?”

ሳቅሁ። አዎ አላልኩም። አይደለም አላልኩም። ሳቅሁ ብቻ። ኃጢአት አንዳንዴ እንዲህ ጥርሷን አሳይታ ነው የምትገባው።

ከቀትር በፊት እንግዶቹ መጡ። እትዬ ሙሉነሽ ረጅም፣ ወፍራም፣ ድምፃቸው ቤት የሚሞላ ሴት ነበሩ። አልተቀመጡም። ጠረጴዛውን እንደ ታቦት ዞሩት። ቅጠሉን ዳሰሱ። አንዷን የቀጤማ እስር አንስተው አሸተቱ።

“ይሄን ያሰናዳው ማነው?” አሉ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ራህማ ቢጫ የሽቲ ቀሚሷን ለብሳ፣ በሎሚ ውሃ የተሞላ ጆግ በሁለት እጇ ይዛ በቀዳዳው ስትገባ አየኋት። አየችኝ። አየኋት። እኔ ግን ምን አልኩ?

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ጭንቀት አልነበረብኝም፤ ያስገደደኝ ሰው አልነበረም፤ ምላሴም አልሳተችም። እኔ ነኝ አልኩ። እኔ፣ ተኝቼ የነበርኩት። እኔ፣ አንዲት ቅጠል ያልቆረጥኩት።

ራህማ ጆጉን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። “እንኳን አደረሳችሁ” ብላ ሁሉንም በየተራ ጨበጠች፤ እኔንም ጨበጠች። ከዚያ ዞራ ሄደች። እናቴ “ምነው ራህማ፣ ሳትበዪ?” ብትላት፣ “ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ፣ እትዬ” አለች። የእነሱ ድስት ሳይከፈት በአጥሩ ቀዳዳ ተላከ።

ከፋሲካ ማግስት በኋላ ባለው ሳምንት እትዬ ሙሉነሽ አዳራሻቸው ውስጥ ቀጠሩኝ።

አሁን ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ይገባኛል። ምንም የማላውቅ ሰው ነበርኩና የማውቃትን አንዲት ጠረጴዛ ደጋገምኳት። ሰርግ ሲመጣ የሙዝ ቅጠል። ክርስትና ሲመጣ የሙዝ ቅጠል። አንድ ጊዜ የሙት ዓመት ድግስ ላይ ቀይ አበባ ሰክቼ ባለ ሐዘኖቹ ሊደበድቡኝ ነበር። አበባው በማይኖርበት ወር ከታይዋን ገበያ የላስቲክ አበባ ገዝቼ ሰክቻለሁ። ሰው ግን ወደደው። በዚያ ዘመን በድሬ ከተዳሩት ሙሽሮች ስንቶቹ ሳያውቁት በራህማ ጠረጴዛ ላይ በልተዋል! ቆይቶ የራሴን ድርጅት ከፈትኩ። ባል አገባሁ፣ ወለድኩ። የራህማ ጠረጴዛ አበላኝ።

እሷ ደግሞ በዚያው ዓመት ለአንድ የጅቡቲ ሹፌር ተዳረች። እልልታውን በአጥር ላይ ሰማሁት። አልሄድኩም። ሥራ አለብኝ አልኩ። እውነትም ነበረብኝ፤ የሌላ ሰው ሰርግ ላይ የእሷን ጠረጴዛ እያሰናዳሁ ነበር። ከዚህ የባሰ ምን ልንገራችሁ?

ዘንድሮ፣ የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ታይዋን ገበያ ለልጄ ጫማ ልገዛ ገብቼ አንድ ሳቅ ሰማሁ። ያ ሳቅ በሺህ ሰው መካከል አይጠፋኝም። ራህማ ናት። ወፍራለች፣ ደልቷታል፣ ሁለት ልጃገረዶች ግራና ቀኝ ይዛ በሶማሊኛ ከነጋዴው ጋር ትከራከራለች። እኔ፣ የድርጅት ባለቤት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ በተሰቀለ ሱሪ መካከል ገብቼ ተደበቅሁ።

ባለሱቁ ትንሽ ታገሰኝና፣ “እህት፣ ሱሪ ልትገዢ ነው ወይስ ልትኖሪበት?” አለኝ።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። ደስታዋ ከስልኩ ይፈሳል። “ራህማ መጥታለች! አዴ ዘይነባን ልታይ! ለፋሲካ ምሳ ከነልጆቿ ጠርቻቸዋለሁ። አደራ፣ ያን የድሮውን ጠረጴዛሽን አሰናጂልኝ፤ እሷም ታስታውሰዋለች።”

ታስታውሰዋለች! እንዴት አታስታውሰው?

ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ፤ ጾም ነው ብዬ ሰዉን ሸነገልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት እግሬ ራሱ ወሰደኝ። የቆርቆሮው አጥር ዛሬ የብሎኬት ግንብ ሆኗል፤ ስለዚህ እንደ ባዳ በዋናው በር አንኳኩቼ ገባሁ። ራህማ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ጥፍር ትቆርጣለች። አዴ ዘይነባ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝና፣ በእናቴ ስም፣ “የአስካለ ልጅ! ጠፋሽ አይደል?” ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ራህማ ቀና ብላ አየችኝ። አልተነሳችም።

ቆሜ ተናገርኩት። ያ ጠረጴዛ ያንቺ ነበር፣ እኔ ሰረቅሁሽ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ጥፍር መቁረጫውን አስቀመጠች። “አቦ ሰብለ፣ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?” አለች። “እኔማ አውቀዋለሁ። የማያውቁት እነ እናትሽ ናቸው።”



“ነገ እንመጣለን” አለች ቀጥላ። “ደግሞ የእኔን ጠረጴዛ እንዳታወጪብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አወጣሽው። ያንቺን ልይ።”

የኔን! የኔ የቱ ነው? የፋሲካ ጠዋት እናቴ ግቢ ኒሙ ሥር ቆሜ እጄ እምቢ አለኝ። የሙዝ ቅጠል ቆረጥኩ፤ መልሼ ጣልኩት። ቀዩን አበባ አላስጠጋሁትም። በመጨረሻ ልጆቼንና የወንድሜን ልጆች ሰበሰብኩና፣ “ሂዱ፣ ደስ ያላችሁን አምጡ” አልኳቸው። ወደ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሮጡ። ስሙን የማላውቀው ቢጫ የሜዳ አበባ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ አመጡ። በለስ አመጡ። ትንሿ ልጄ አንድ ለስላሳ ድንጋይ ይዛ መጥታ፣ “ይሄ ለአያቴ ነው” አለች። ሁለት ዓይነት ቁመት ያላቸውን ጠረጴዛዎች ገጣጠምኩ፤ በአንዱ ላይ የእናቴን የድሮ ነጠላ፣ በሌላው ላይ የኔን ሻሽ አነጠፍኩ። አበባውን በሻይ ብርጭቆ ሰካሁት። መሬቱ ላይ ቀጤማ ጎዘጎዝኩ። ጠረጴዛው ጠማማ ነበር፤ ዳቦው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። አላፈርኩበትም። እንዲያውም ሳየው ሳቄ መጣ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ ነበር።

ሁሉም መጡ። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። እትዬ ሙሉነሽ አርጅተው በልጃቸው ተደግፈው፣ ጆሯቸው ከብዶ፣ ድምፃቸው ግን ያው እንደ ድሮው ሆኖ። አዴ ዘይነባ በራህማ ክንድ። ሁለቱ ድስቶች እንደ ጥንቱ ለየብቻ ቀርበዋል፤ የእነ ራህማን ዶሮ ያረደው ወንድሟ ነው። አባታችን ሆይ ተባለ፤ ራህማም በልቧ ቢስሚላህ አለች። እጅ ወደ ሳህን ከመዘርጋቱ በፊት ተነሳሁ።

“አንድ ነገር ልናገር” አልኩ። “የዛሬ ሃያ ዓመት የፋሲካውን ጠረጴዛ ያሰናዳሁት እኔ አልነበርኩም። እኔ ተኝቼ ነበር። ያሰናዳችው ራህማ ናት። እኔ ነኝ ብዬ ዋሸሁ።”

እናቴ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ታየኛለች።

“ምን አለች?” አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

“እኔ አልነበርኩም አልኩ።”

“ኧ? ጮክ በይ፣ አትጉረምርሚ!”

“እኔ አልነበርኩም!” ብዬ ጮኽኩ። “ራህማ ናት! ጠረጴዛው የራህማ ነው! እኔ ሌባ ነኝ!”

በግንቡ ማዶ አንድ የሰፈር ሰው፣ “ማነው ሌባ? ያዙት!” ሲል ተሰማ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። አዴ ዘይነባ ይመስሉኛል። ከዚያ የራህማ ልጆች፣ ከዚያ ባሌ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። እናቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ “ምነው ልጄ! ምነው!” ትላለች። ከዚያ ወደ ራህማ ዞረች። “አንቺስ የኔ እናት፣ ለምን ዝም አልሽ? ብትነግሪኝ በማማሰያ አልላትም ነበር?”

ራህማ እናቷን አሳየቻት። “አዴ ናቸዋ፣ እትዬ። በሰው በዓል ጠብ አይነሳም ብለው ነው ያሳደጉኝ።”

እትዬ ሙሉነሽ በመጨረሻ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ያሠራሁት ማንን ነው?” አሉ። ዳግመኛ ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ራህማን አስጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡ፤ እጇን ይዘው ገለባብጠው አዩ፤ ሳሙት። እስከ ምሳው መጨረሻ ያን እጅ አልለቀቁትም፤ ራህማ በአንድ እጇ ነው የበላችው።

እንዴት ያለ ምሳ ነበር! ዳቦው ተንከባሎ ወደቀ፤ ልጆቹ ቀጤማ በራሳቸው አስረው እየሮጡ የለስላሳ ጠርሙስ ደፉ፤ አዴ ዘይነባና እናቴ ስለ ድሮው ባቡር ፉጨት እያወሩ እንደ ልጃገረድ ተሳሳቁ። እኔም በላሁ። ስንት ዓመት የፋሲካ ዶሮ ወጥ ስበላ ጣዕሙን አላውቀውም ነበር፤ ዘንድሮ አወቅሁት። እንደዚያ ቀን የቀለለኝ ቀን የለም።

እዚህ ላይ ብጨርስ ያምርልኝ ነበር። እናንተም ይቅር ትሉኝ ነበር። ግን እናንተንም ደብቄያችኋለሁ።

ሰው ከተነሳ በኋላ እኔና ራህማ ሳህን ስናነሳ፣ ድርጅቴ ውስጥ አብረሽኝ ሥሪ አልኳት። ሳቀችብኝ። “ጅቡቲ የራሴ ሱቅ አለኝ። አንቺ ልትቀጥሪኝ!” አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

“ለጠረጴዛው አፉ ብዬሻለሁ። ከልቤ። መሐላሽን ግን ዘለልሽው። ጮኸሽ ስትናገሪ ጠብቄሽ ነበር፤ ዘለልሽው።”

አዎ፣ ዘለልኩት። ለናንተም ዘለልኩት። ከዚያ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ራህማ በቀዳዳው መጥታ፣ ያቺ ዘመዳችሁ አዳራሽ ልትከፍት ነው አሉ፣ እጄን ብታይልኝ ምን ነበረበት ብላ ለምናኝ ነበር። እኔም ለፋሲካ ይመጣሉ፣ አንቺ ጠረጴዛውን አሰናጂ፣ የራህማ ሥራ ነው ብዬ እኔ እነግርልሻለሁ አልኳት። “በማርያም?” አለችኝ፤ ሙስሊሟ ልጅ በእኔ እምነት አስማለችኝ። “በማርያም” አልኳት። በዚያ ጠዋት ያን ሁሉ ቅጠል የቆረጠችው ለጎረቤት ደግነት ብቻ አልነበረም። ተስፋዋን ነበር ያነጠፈችው። እኔ ያን እያወቅሁ ነው ትንሽ ልተኛ ያልኩት፤ እያወቅሁ ነው እኔ ነኝ ያልኩት።

ለምን? ሥራውን ስለፈለግሁት ነው? ያን ጠዋት ሥራው ትዝም አላለኝ። እትዬ ሙሉነሽ ጠረጴዛውን ሲዞሩት ፊታቸው ላይ ያየሁት አድናቆት፣ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በእኔ ላይ እንዲያርፍ ፈለግሁ። ከዚያ ውሸቴን ለማረም አፈርኩ። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ፤ ልጅ አልነበርኩም።

“ሥራው ቀርቶብኝ አልሞትኩም” አለችኝ ራህማ፣ የታጠበውን ሳህን እያቀበለችኝ። “ዋላሂ፣ አላህ ሌላ ሰጠኝ። አንቺ ነሽ የቀረሽብኝ። በማግስቱ በዚያ ቀዳዳ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። በሰርጌም ጠበቅሁሽ። ሰርጌ ላይ ሚዜ አልነበረኝም፣ ታውቂያለሽ? ቦታሽን ለሌላ አልሰጠሁም።”

የያዝኩት ሳህን ላይ እንባዬ ተንጠባጠበ። መልሳ ወሰደችብኝና አጠበችው።

“ለዚህኛውስ?” አልኳት በመጨረሻ።

“ለዚህኛው ገና ነኝ። ለአረፋ ጅቡቲ ነይ። ቤቴ ቁጭ በይ፣ ልጆቼ ይወቁሽ። ያኔ እናያለን።”

ቲኬቱን ቆርጫለሁ። እናቴ ትሄዳለች፣ አዴ ዘይነባም ይሄዳሉ፤ ትንሿ ልጄ ከአሁኑ ሻንጣ ውስጥ እየገባች ትተኛለች። ለንስሐ አባቴም ከመሄዴ በፊት እነግራቸዋለሁ፤ እናንተ ግን ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ የእሷ ነው። ከሰጠችኝ እቀበላለሁ፤ ካልሰጠችኝም በዓሏን ሳህን እያጠብኩላት እውልና፣ ለሚቀጥለው ዒድ ወደ እሷ እመለሳለሁ።